አንድ ወጥ መስታወት

«አሁን ጨብጪያት» አለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ለስላሳዋን ኳስ የታካሚዋ መዳፍ ላይ አስቀምጣ። «አትሳሺላት፤ እንደተናደደ ሰው ጨብጪያት።»

ታካሚዋ ጨበጠች። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሀል ጣቷ ኳሷን እንደ ድሮው አነቋት፤ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ግን ግማሽ መንገድ ድረስ መጥተው ቆሙ። ባሏ ከግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ሆኖ የራሱን እጆች ጉልበቱ ላይ አጥብቆ ጨብጧል፤ የሚያግዛት ይመስል። ባለሙያዋ ሁለቱን ጣቶች አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው፣ ከእጅ አንጓ እስከ መዳፍ የወረደውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ አሸችው። ከዚያ ኳሷን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። ሁልጊዜ «ቤት ስትሄጂ ተለማመጂባት» ብላ ነበር መልሳ የምትሰጣት። መሳቢያው ሲዘጋ ነገሩ ለባልየው ገባው።

«ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግሽም» አለች ባለሙያዋ። «ጅማቶቹ የቻሉትን ያህል መጥተዋል። ከዚህ በላይ ይታጠፋሉ ብልሽ ዋሽቼሻለሁ።»

«ማንኪያ እይዛለሁ። በር እከፍታለሁ» አለች ሚስቱ፣ ራሷን የምታጽናና ሳይሆን እቃዋን የምትቆጥር በሚመስል ድምፅ።

«ትይዣለሽ። ለከባድ ነገር ግን በዚህ እጅሽ አትተማመኚ። ሳታውቂው ያመልጥሻል።»

ሚስቱ አመሰገነች። ባልየውም ተነሥቶ አመሰገነ፤ ምን ብሎ እንዳመሰገነ ግን ከበሩ ሲወጣ አላስታወሰውም።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። እሱ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ ቅልጥሙ ውስጥ የገባው ብረት በቀዝቃዛ ቀን መኖሩን አያስረሳውም። በተፈጥሮው ቀልደኛ ሰው ነው። ሐኪሙ የብረቱን ፎቶ ሲያሳየው እንኳ «እኔ መስታወት ስገጥም ኖሬ፣ እናንተ ደግሞ እኔን ገጠማችሁኝ» ብሎ የተኛበትን ክፍል በሽተኛ ሁሉ አስቆ ነበር። ለሚስቱ እጅ የሚሆን ቀልድ ግን እስካሁን አልመጣለትም፤ ሊመጣለትም አይፈልግም።

ሰፈሩ ውስጥ «አንድ ወጥ» ነው የሚሉት። ስሙን ያሰጠው የገዛ አፉ ነው። መስታወት ሊያዝዝ የመጣ ሰው «ሁለት ቁራጭ ብታገጣጥምልኝስ? ይረክስልኛል» ያለው እንደሆነ፣ ቤተሰቡን የሰደቡበት ያህል ይቆጣል። ፊትህ መሀሉ ላይ ስፌት አለው ወይ፣ እኔ የምሠራልህ አንድ ወጥ ነው ይለዋል። ሱቁን የሚያንቀሳቅሱት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እሷ ጠርዝ ትሞርዳለች፣ ታጸዳለች፣ እሱ ያስቆጣውን ደንበኛ ታባብላለች። ሥራው ሲያልቅም የሚያደርሱት አብረው ነው። እሱ ሞተር ሳይክሉን ይነዳል፤ እሷ ከኋላው ተቀምጣ መስታወቱን በጎኗ አቁማ በሁለት እጇ ታቅፈዋለች። ለሌላ ሰው አያስይዝም። አንድ ጊዜ የቀን ሠራተኛ አስይዞ ነበር፤ ሰውየው ፊቱ ላይ ያረፈች ዝንብ ሊያባርር አንድ እጁን አነሣና የሰው የሳሎን መስኮት መስታወት አስፋልት ላይ በተነው።

መስታወት አቅፋ የተቀመጠች ሴት መንገድ አይታያትም። ከፊቷ የባሏ ጀርባ፣ ከጎኗ የራሷ መልክ ነው ያለው። ስለዚህ ዓይኗ የሱ አፍ ነበር። «ጉድጓድ» ሲላት ወገቧን ታላላለች። «ዞርኩ» ሲላት አብራው ታዘነብላለች። «ቆምኩ» ሲላት እግሯን ታዘጋጃለች። «መስታወቱን» ሲላት ደግሞ፣ የሚመጣው ምንም ይሁን ምን፣ እጇን አጥብቃ ትይዛለች። በነዚህ ቃላት ከተማውን ለዓመታት ዞረዋል፤ አንድም ቀን ሰብረው አያውቁም። «ልቀቂ» የሚል ቃል ግን አልነበራቸውም። መስታወት የሚለቀቅበት ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ ማንም የለም።

ያን ቀን የጫኑት፣ ጸጉር ሠሪዋ ያዘዘችውን፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለውን ነበር። ሚስቱ ሩቅ ስላልሆነ በእግራችን እንያዘው ብላው ነበር። እሱ ግን «ይሄን ተሸክሜ ለከተማው ሰው ሁሉ መልኩን ሳሳየው ልዋል?» ብሎ አሳቃትና ሞተሩን አስነሣ። ከምሳ በኋላ ነው፤ ብርሃን ነው፤ መንገዱም ጭር ብሏል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ነጭ መኪና መስመሩን ለቀቀ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ለቀቀ። ነጂው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ የዋለ ሰው መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ባልየው ወደ ዳር ወጣ፣ ፍሬን ያዘ፣ አፉንም ከፈተ። ከአፉ የወጣው «መስታወቱን!» የሚል ነበር።

ያዘችው። እሱ ወዲያ ሲወረወር፣ ሞተሩ በጎኑ ሲንሸራተት፣ እሷ መስታወቱን እንዳቀፈች ወደቀች። እጇን ነፃ አድርጋ መሬቱን መመከት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። መስታወቱ ከሥሯ ተሰብሮ የእጇን ጅማት በጠሰው።

ሰካራሙ ነጂ ችሎት ፊት ጥፋቱን አመነ፣ አለቀሰ፣ ተፈረደበት። ባልየውም ምስክር ሆኖ ቆሞ ነጩ መኪና እንዴት እንደመጣባቸው አንድ በአንድ ተናግሯል። አንዷን ቃል ብቻ ዘለላት። ማንም አልጠየቀውም፤ ቢጠየቅም ሕጉን የሚመለከት ነገር አልነበረም። እስከ ፍርዱ ቀን ድረስ ሰካራሙን መራገም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖለት ነበር፤ አልጋ ላይ ሆኖም፣ በክራንች ሲሄድም ይራገመው ነበር። ሰውየው ከታሰረ በኋላ ግን ያቺ ቃል ብቻዋን ከሱ ጋር ቀረች። የሚከነክነው ደግሞ ሚስቱ አንድም ቀን አንሥታት አለማወቋ ነው። አልሰማችኝ ይሆናል ይላል አንዳንዴ። ባትሰማው ኖሮ እንደዚያ አጥብቃ እንደማትይዝ ልቡ እያወቀ።

ቤት ሲደርሱ አማቱ በሩ ላይ ጠበቋቸው። ከአደጋው ወዲህ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ የልጃቸውን ጸጉር የሚጎነጉኑትና የቀሚሷን ቁልፍ የሚቆልፉላት እሳቸው ናቸው። ባለሙያዋ ያለችውን ሲሰሙ የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ያን ሰካራም ከነመኪናው፣ ከነጠርሙሱ፣ ጠጅ ቤቱንም ሳይቀር ረገሙት። ረግመው ሲጨርሱ ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«አንተ ባትኖርላት ኖሮ ምን ይውጣት ነበር ልጄ» አሉት። «ያን ዕለት እንኳ አጥንትህ ተሰብሮ እየተንፏቀቅህ ነው አሉ የደረስክላት። እንዳንተ ያለ ባል ለሁሉም ይስጥ።»

«ተዉ እማማ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ምሳ ቀረበ፤ ሁለቱም ሳይበሉ ተነሡ ማለት ይቻላል። ከዚያ ሚስቱ የሱቁን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደችና ከአደጋው ወዲህ ለብሳው የማታውቀውን የሥራ ሽርጥ እናቷ ከኋላ እንዲያስሩላት ጀርባዋን ሰጠች። ባልየው ተከተላት።

ሱቁ ውስጥ አዲሱ መስታወት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በዚያ በተሰበረው ፋንታ የቆረጠው ነው፤ አንድ ወጥ፣ ሰው የሚያህል። ጠርዙን ራሱ ሞርዶታል፤ እንደሷ ግን አልሆነለትም። ሞተሩም ተጠግኖ ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ከተመለሰ ወዲህ ሸራውን የገለጠ የለም።

ብዙም ሳይቆይ ጸጉር ሠሪዋ መጣች። ድምፅዋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። መስታወቱ ፊት ቆማ ግንባሯን አስተካከለች፣ ጥርሷን አየች፣ ከዚያ ወደ ባልየው ዞራ ስንቱን ሰው በስልኬ ካሜራ መልኩን እያሳየሁ ልዝለቀው አለችው። ደንበኞቼ የጀርባ ጸጉራቸውን ሳያዩ እየከፈሉኝ ነው፤ አንድ ቀን የሠራሁትን ጉድ ያዩና ይከሱኛል። እንዲህ እያለች እየሳቀች ሳለ ዓይኗ የሚስትየው እጅ ላይ አረፈ። ሳቋ ተቆረጠ።

«እንዲያው ስትችሉ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ አልቸኩልም፤ ቀልዴን ነው።»

«ዛሬ እናመጣልሻለን» አለች ሚስቱ።

ጸጉር ሠሪዋ ባልየውን አየችው፤ እሱም ጣሪያውን አየ። ተሰናብታ ወጣች። ጸጉር ቤቷ ያለው ደረጃ ባለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው፤ መኪና አይገባም፤ የመጨረሻውን መንገድ መስታወቱ በሰው እጅ ነው የሚሄደው። ያን የሚያህል መስታወት ደግሞ አራት ደህና እጅ ይፈልጋል።

«የቀን ሠራተኛ እጠራለሁ» አለ ባልየው።

«በኔ ቦታ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው።»

«ለዛሬ ብቻ የሚባል ነገር እንደሌለ አብረን ሰምተናል» አለች። «ባለሙያዋ ኳሷን ቀምታኛለች። አሁን ደግሞ አንተ መስታወቱን ቀማኝና ቤት ልቀመጥ?»

ጓንቷን በጥርሷ እየጎተተች አጠለቀችና አንደኛውን የመስታወት ጫፍ ያዘች። የጓንቱ ሁለት ጣቶች ሳይታጠፉ ተገትረው ቀሩ። መስታወቱን ከግድግዳው ትንሽ አላቀቀችው፤ ትንሽም አነሣችው። ፊቷ ሲበራ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ከዚያ እጇ፣ ልክ እንደተባለው፣ እሷ ሳታውቅ ተከፈተ።

«መስታወ...» አለና ምላሱን ነከሰ።

መስታወቱ ወለሉ ላይ የተነጠፈችው አሮጌ ምንጣፍ ላይ አረፈ፤ ተንገዳግዶ ተመልሶ ግድግዳውን ተደገፈ። አልተሰበረም። ሚስቱ ግን መስታወቱን እያየች አልነበረም።

«ጨርሰው» አለችው።

«ምኑን?»

«የጀመርከውን ቃል። ያን ቀንም ሰምቼሃለሁ።»

የመቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለዚህች ቀን ስንት ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ ሊል፣ አፍ ለምዶ ነው ሊል፣ ሰካራሙ ባይኖር ኖሮ ሊል። አንዱም አልመጣለትም።

«አንሥተሽብኝ አታውቂም» አለ በመጨረሻ።

«አንተ እስክታነሣት እየጠበቅኩ ነበራ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ሆስፒታል ተኝቼ ጠበቅኩ። ለምስክርነት ስትቆም፣ አሁን ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። ሰካራሙን የሚረግምልኝ ሰው ሞልቷል፤ እናቴ ብቻዋን ትበቃዋለች። አንተን የሚረግምልኝ ግን አንድ ሰው አጣሁ። እናቴ ጭራሽ ትመርቅሃለች። ጠዋት ጠዋት ቁልፌን እየቆለፈችልኝ ስትመርቅህ እሰማለሁ። ምን ልበላት?»

«እውነቱን ንገሪያት።»

«እኔ ነኝ የምነግራት?»

ልክ ናት። እጇን ማጣቷ አንሶ ነገሩንም እንድትናገርለት ነው የጠየቃት። ይህን ሲያስብ እፍረቱ ጆሮው ድረስ ፈላ።

«መኪናውን አይቼዋለሁ» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ጊዜ አልነበረኝም ስል ከርሜያለሁ፤ ውሸት ነው። አንዲት ቃል የምታህል ጊዜ ነበረችኝ። ልቀቂ ማለት ነበረብኝ። መስታወቱን ልቀቂና ራስሽን አድኚ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የታየኝ መስታወቱ ነው። አንቺ አይደለሽም።»

አለቀሰ። ከአደጋው ወዲህም አልቅሶ ነበር፤ ያኔ ግን ለእግሩ፣ ለእጇ፣ ለሥራቸው ነው ያለቀሰው። እሷ አልቀረበችውም፤ አላባበለችውም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም። ነገር ግን አልወጣችም። ጓንቷን አወለቀችና ያን እጇን እያገላበጠች አየችው።

«ብትለኝም ምናልባት አልለቅም ነበር» አለች። «እጄ ለምዶ ነበር እኮ። ግን ብትለኝ ኖሮ ይሄን እጄን ባየሁ ቁጥር አንተን አላይም ነበር። ሰካራሙን ብቻ አይ ነበር።»

ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ በስልክ እየተጨቃጨቀ አለፈ። ባልየው ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ተነሣ። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱም ሙሉ ለሙሉ ይታያሉ፤ እሱ ወደ ግራ እንዳዘነበለ፣ እሷ ያን እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች። በዕድሜው ከቆረጣቸው ሁሉ የጠራ መስታወት ነበር። ሲቆርጠው ይኸኛው በሰላም ከደረሰ ያኛው የተሰረዘ ያህል ይሆናል የሚል የሞኝ ሐሳብ አድሮበት እንደነበር አሁን ገባው። የሚሰረዝ ነገር አልነበረም።

«ክንድሽን ብቻ ከሥሩ አግቢልኝ» አላት። «ጣት አያስፈልግም።»

ክንዷን ከሥሩ አስገባች፤ እሱ ክብደቱን ወሰደ፤ ቀስ ብለው መስታወቱን በምንጣፍ በተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ከዚያ ባልየው ሜትሩን አወጣ። ለካ። ረጅሙን የብረት ማስመሪያ ከሚስማሩ ላይ አውርዶ መስታወቱ መሀል ላይ፣ ከላይ እስከ ታች አጋደመው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ለሁለት ልከፍለው።»

«አንድ ነው ያዘዘችህ።»

«ሁለት ወንበር አላት፤ ለያንዳንዱ አንድ። ግማሹን አንቺ በደህናው እጅሽ በብብትሽ ትይዢዋለሽ፤ ግማሹን እኔ እይዛለሁ። በእግራችን ነው የምንሄደው። ማንም ሰው ለማንም አይጮህም።»

ሚስቱ መስታወቱን፣ ከዚያም እሱን አየችው። የቀለደ መስሏት ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አጣች።

«ሰፈሩ ምን ይልሃል?» አለችው። «አንድ ወጥ ሁለት ቁራጭ ሸጠ ሲባል?»

«ሌላ ስም ያወጡልኛላ።»

ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለው፤ እርግጠኛ ግን አልነበረም።

«ጠርዙንስ ማን ይሞርደዋል? ያንተን ሞረዳ እኔ አላወጣውም፤ ያሳፍረኛል።»

«አንቺ ነሽ የምትሞርጂው። ማታ ደግሞ ለእማማ እነግራቸዋለሁ» አለ። «እኔ ራሴ።»

ሚስቱ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ድሮ ማስመሪያውን በክርኑ ተጭኖ ብቻውን ነበር የሚቆርጠው፤ ማንም ጠረጴዛው አጠገብ እንዲደርስ አይወድም። እሷ ያን እጇን ከፈተችና መዳፏን ማስመሪያው ላይ አሳርፋ ተጫነችው። ለመጫን ጣት ማጠፍ አያስፈልግም። ማስመሪያው ንቅንቅ አላለም።

መቁረጫውን ዘይት አስነክቶ መስታወቱ አናት ላይ አሳረፈና፣ ከላይ እስከ ታች ወደ ራሱ በአንድ ትንፋሽ ሳበው። ቀጭን መስመር ተሰመረ። አሁን የሚቀረው መስበር ብቻ ነው። መስታወቱ ሲሰበር የማንም እጅ አጠገቡ መኖር የለበትም።

«ልቀቂ» አላት።

እጇን አነሣች። እሱም መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ በሁለት እጁ ተጫነና ለሁለት ሰበረው።